የተዘቀዘቀው ባንዲራ

ይቺን ካልነገርኳችሁ ታንቀኛለች። እዚህ ስደት አገር፣ ፎረስት ፓርክ ቤቴ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አለ። አንድ ጠዋት ለሥራ ስወጣ በረንዳው ላይ የአገሩ ባንዲራ ተዘቅዝቆ ተሰቅሎ አየሁ። እርጅና ነው፣ ሳያይ ሰቅሎት ነው አልኩ። የዚህ ዓይነት ነገር ጣጣውን አውቃለሁ፤ አገር ቤት ተማሪ ሳለሁ ለተቃውሞ ክንዴ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሬ በመታየቴ ሦስት ሳምንት ታስሬአለሁ። ሰውዬው እንዳይታሰርብኝ ብዬ በረንዳው ላይ ያገኘሁት ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ባንዲራውን ገልብጬ ፊክስ ላድርግለት ስታገል የፖሊስ መኪና መጥታ ቆመች።

እጆቼን ወደ ላይ ማንሳቴን ያወቅኩት ፖሊሱ «እጅህን አውርድ፣ ምን ሆነሃል?» ሲለኝ ነው። «ሰር፣ ሽማግሌ ነው፣ ተሳስቶ ነው» አልኩ። ይሄኔ ሽማግሌው ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ከቶ ወጣ። «አልተሳሳትኩም። መንግሥት አናዶኝ ነው የዘቀዘቅኩት» አለ፤ ለፖሊስ! ፖሊሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የራሱ ባንዲራ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ ይፈቅድለታል። አንተ ግን ሳትጠይቅ ሰው ቤት ገብተህ ዕቃ መንካት አትችልም።» ከሦስታችን ጥፋተኛው እኔ ሆኜ አረፍኩት!

ሽማግሌው ስቆ ይቅር አለኝ። እኔ ግን በቅናት በገንኩ። በሕጉ የቀናሁ እንዳይመስላችሁ፤ ሕጉንማ ሲቲዝን ስሆን አጥንቼ ተፈትኜበታለሁ፣ የእኔም ነው። የቀናሁት ኪሱ ውስጥ በነበሩት እጆቹ ነው። ማታ መስታወት ፊት ቆሜ፣ እጆቼን ኪሴ ከትቼ «ተናድጃለሁ!» ማለት ተለማመድኩ። ሚስቴ ከኋላዬ «በማን?» አለችኝ።

«በማንም አይደለም!» አልኩ። መስታወቱ ውስጥ ሳይ፣ እጆቼ ወደ ላይ ተነስተዋል።