ከሥዕል ሰሌዳዬ የጎደለው

ይሄን ስነግራችሁ አሁንም ፊቴ ይቃጠላል። ደብረ ታቦር ውስጥ አንደበታቸው ያልተፈታ ልጆች ሥዕል እየነኩ ሐሳባቸውን እንዲገልጹ አስተምራለሁ። በቀደም ከጎረቤት ከተማ ከገሳይ አንዲት ነፍስ ያወቀች ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። በእጄ የሠራሁትን የሥዕል ሰሌዳ ከፊቷ ዘረጋሁላት፤ «እኔ»፣ «መምህርት»፣ «ወተት»፣ «እንቁላል»፣ «ሥጋ» የሚሉ ሥዕሎች አሉበት። ልጅ የሚወደውን ሁሉ ያሟላሁ መስሎኝ ኮርቻለሁ።

«የቱን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። እጇን ይዤ ወተቱ ላይ ላሳርፍ ስል ጣቶቿን ጨብጣ እጇን ጉያዋ ውስጥ ሸሸገችው። ደግሜ ብጠይቃትም ያው ነው።

«ገና አልገባትም» አልኳት ለእናቷ፣ ልጅቱ እየሰማች።

እናቷ አንገቷን ደፍታ፣ «አይቸኩሉባት መምህርት፣ ትመልሳለች» አለችኝ።

እውነትም ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝና ጣቷን «መምህርት» ላይ አሳረፈች፤ ቀጥላ እንቁላሉ ላይ። እርስዎስ እንቁላል ይበላሉ ወይ ብላ እኔን መጠየቋ ነው። ሳቄ መጣ። «እኔማ እንዴት አድርጌ እበላለሁ? ሁዳዴ አይደል እንዴ፣ ጾመኛ ነኝ» አልኳት።

ጣቷን ከእንቁላሉ አንስታ «እኔ» የሚለው ሥዕል ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል ደጋግማ መታችው።

ሰሌዳዬን አየሁት። «አልፈልግም» የሚል ሥዕል እንኳ አላኖርኩበትም። መናገር የምትችል ልጅ ብትሆን ኖሮ፣ እኔ ራሴ እየጾምኩ፣ በሁዳዴ እንቁላል አቀርብላት ነበር?