ኮከቡና የስኳር ወረቀቱ

በ፲፱፻፵፰ ዓ.ም. ጥር ወር ከትክል ድንጋይ በእህል ማኪና ተጭኜ ጎንደር ስገባ፣ ሱሪዬ ከአንድ ሚስማር ጋር ተጣልቶ ኖሮ ከኋላዬ ለሁለት ተከፈለ። ስለ ሥርዓትና ንጽሕና ተማሪዎቼን የምመክር መምህር ነኝና እንደዚያ ሆኜ ከተማ መሃል ልታይ አልወደድኩም። አዲስ ዓለም ሰፈር ወዳለው ወደ ልብስ ሰፊው አቶ አሊ በረንዳ ሮጥኩ። አቶ አሊ ጋቢያቸውን አከናንበውኝ ሱሪዬን ግማሽ ያህል እንደ ሰፉ የቀትር ሶላት ደረሰና፣ «መምህር፣ ጥቂት ይታገሡኝ» ብለው ወደ መስጊድ ሄዱ። ያለ ሱሪ ወዴት እሄዳለሁ? በረንዳው ላይ የተነሣውን ክርክር ከዳር እስከ ዳር የሰማሁት ስለዚህ ነው።

ከእኔ ሌላ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ የአቶ አሊ ልጅ ራቢዓ፣ ከትምህርት ቤት የእጅ ሥራ የተማረች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ሌላዋ ጎረቤታቸው እትዬ ታየች ናቸው፤ ባላቸውን አቶ ሐብተ ማርያምን ከቀበሩ ሁለት ዓመታቸው ነው። ልጃቸው እናኑ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተድራ ወደ አዲ አርቃይ ትሄዳለች። እትዬ ታየች ከቤተሰቡ አሮጌ ልብስ ቁርጥራጭ የአልጋ ልብስ ሰፍተው ሊሰጧት፣ መሃሉንም ከአባቷ የካኪ ኮት በወጣ ኮከብ ሊያስጌጡት ተመኝተዋል። የኮቱን ገላ ብል በልቶታል። ግራ እጅጌውን ባለፈው ሳምንት በዓይን ግምት ቆርጠው ቢሰፉት፣ የኮከቡ ጫፎች በስፌት ተበልተው ደነዙ። አሁን የቀራቸው ቀኙ እጅጌ ብቻ ነው። በክርኑ ላይ እሳቸው በተጋቡ በዓመቱ የጣፉት ሰማያዊ እራፊ አለ፤ ያ እራፊ የኮከቡ እምብርት እንዲሆን ይፈልጋሉ።

«እትዬ፣ መቀሱን ያቆዩልኝና መጀመሪያ በወረቀት ላይ እንስፋ» አለች ራቢዓ።

«ምነው ልጄ! እናኑ ወረቀት ለብሳ ትተኛ ነው የምትይኝ?»

«ወረቀቱ እንግዳ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ይሄዳል። እስከዚያው ጨርቁን ቀጥ አድርጎ ይይዝልናል። መስመሩን ተከትለን ከሰፋን ጫፉ አይደነዝዝም።»

«ይሁን። ፊደል ያለበትን ግን በመርፌ አልወጋም። የእግዜር ስም ቢኖርበትስ?»

ከደብተሬ የተጻፈበት ወረቀት ገንጥዬ ልሰጣቸው የዘረጋሁትን እጅ ቀስ ብዬ ወደ ጋቢው መለስኩ።

ራቢዓ ሳቀች። «አባቴም እንደ እርስዎ ነው። መንገድ ላይ የተጻፈ ወረቀት ካየ አንሥቶ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ይሸጉጣል። ስለዚህ ስኳር የተጠቀለለበትን አመጣሁ። ያለበት እኔ ያሰመርኩት የኮከቡ መስመርና የስፌቱ ተራ ቁጥር ብቻ ነው። ደግሞ ስስ ነው፤ ወፍራም ወረቀት ሲቀዱት ስፌቱን ይጎትታል።»

እትዬ ታየች ወረቀቱን አገላብጠው አዩና እጅጌውን አነሡ። ልጅቱ እጃቸውን በፍቅር ያዘች።

«ኧረ እትዬ! መጀመሪያ በአቡጀዲ እንለማመድ። ጨርቁንም በመስመሩ ልክ አይቁረጡት፤ ዙሪያውን ጣት ያህል ይትረፍ።»

«ይህ ማባከን አይደል?»

«የሚባክነውስ አንሶ የተቆረጠ ጨርቅ ነው። የተረፈውን ኋላ እንከረክመዋለን።»

እትዬ ታየች ለአርባ ዓመት ዓይናቸውን ያመኑ ሴት ናቸው። አንዱን የአቡጀዲ ቁራጭ ከወረቀቱ ጀርባ አስተኝተው፣ ሁለተኛውን በመጨረሻ ሊተኛበት በሚገባው ቦታ ላይ አነጠፉና የአቶ አሊን የስፌት ማኪና አሽከርክረው ሰፉት። ሲገልጡት ግን ጨርቁ ወደ ሌላ ወገን ዞረ፤ የወረቀቱ ጥግ ራቁቱን ቀረ።

«አየሽ! ወረቀትሽ ከዳን» አሉ።

«አልከዳንም እትዬ፣ እኛ ቸኮልን። ሁለቱ ጨርቆች ፊት ለፊት ይጋጠማሉ፤ በወረቀቱ በኩል መስመሩ ላይ ይሰፋሉ፤ ከዚያ ሁለተኛው ይገለበጣል። ቦታውን የሚይዘው ሲገለበጥ ነው። ስለዚህ ከመስፋት በፊት መስመሩ ላይ በጣትዎ ይዘው ገልብጠው ይዩት።»

እትዬ ታየች ያችን ራቁት ጥግ በጣታቸው ዳሰሷት። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ይህ የሐብቴ እጅጌ ቢሆንስ ኖሮ?»

ሰው ከስሕተቱ ሲማር ማየት ደስ ያሰኛል፤ ስሕተቱ በአቡጀዲ ላይ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ደስ ይላል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ የአባት እጅጌ ግን ተለቅሞ አይመለስም።

እንደ ገና ሰፉ፤ በዚህ ጊዜ ጥጉ ተሸፈነ። ራቢዓ ስፌቱን ጥቅጥቅ እንዲያደርጉት አሳየቻቸው፤ እንዲህ ሲሆን ወረቀቱ በመርፌው ቀዳዳ መስመር በቀላሉ ይቀደዳል። አንዱን ቁራጭ በሰፉ ቁጥር በጥፍራቸው እያሹ አስተኙት።

ከዚያ ወደ እጅጌው መጡ። ራቢዓ ጨርቁን ከወረቀቱ ጋር ወደ ፀሐይ ብታነሣው፣ ሰማያዊው እራፊ በስሱ ወረቀት ውስጥ እንደ ጥላ ታየ።

«ወደ ግራ ትንሽ... እዚያው! ያዢው ልጄ፣ ያዢው!» አሉ እትዬ ታየች። እኔም ጋቢዬን ረስቼ ብድግ ልል ነበር።

አቶ አሊ ተመልሰው የስፌት ማኪናቸው መያዙን ሲያዩ ሱሪዬን በእጅ መርፌ መጨረስ ጀመሩ። ራቢዓ ያሰመረቻቸው አምስቱ የስኳር ወረቀቶች፣ አንዱ ለእምብርቱ፣ አራቱ ለጫፎቹ፣ ተሰፍተው ተገጣጠሙ። ወረቀቱን ለመቅደድ ግን እትዬ ታየች ፈሩ። ራቢዓ አንዱን ጥግ ጀመረችላቸው፤ የቀረውን እሳቸው ቀስ እያሉ ላጡት። አራቱም ጫፎች ሹል ሆነው ወጡ፤ እራፊው መሃል ላይ ተቀምጧል።

«ጎበዝ፣ ሐብቴ» አሉና ኮከቡን ከጉንጫቸው አስጠጉት። «ልጅህን አዲ አርቃይ ድረስ ትሸኛታለህ።»

ወገኖቼ፣ በወረቀት መስፋት ቁራጭ ጨርቅ ከመጣል ያድናል፤ እጁ ያልሠለጠነውን ጀማሪ ከሠለጠነው ያስተካክላል፤ ስሕተትንም ከውድ ልብስ ላይ አንሥቶ ከአቡጀዲ ላይ ያኖራል። አዲስ ብልሃት አሮጌ ፍቅርን አያጠፋም፤ ያቆየዋል እንጂ።

ሱሪዬን ለብሼ ስወጣ እትዬ ታየች ጎንበስ ብለው የወረቀቱን ብጥስጣሽ ይለቅሙ ነበር።

«እትዬ፣ ፊደል የለበትም እኮ» አለቻቸው ራቢዓ።

«ባይኖርበትስ! ባሌን በቦታው ያኖረልኝን ወረቀት ማን ይረግጠዋል?» አሉና፣ አቶ አሊ በሚሸጉጡበት የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ አንድ በአንድ አስቀመጡት።