የተጣራ ውሃ

«እትዬ ትብለጽ፣ እንዴት አደሩ? ዝናቡ ዘንድሮ ቀደመ፣ አይደል? ሻንጣዎ ተዘጋጀ? እንኳን ማርያም ልጅዎን ማረችልዎ። መቀሌ ሦስት ወር ይቆያሉ አሉ… ይቆዩ እንጂ፣ የልጅ ልጅ ታቅፎ ማን ይቸኩላል? ያ በእጅዎ ያለው የቤትዎ ቁልፍ ነው?»

እምሩ ቁልፉን ያየው ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ነው። እትዬ ትብለጽ በቀይ ክር አስረው ይዘውት፣ የእሪ በከንቱን ቁልቁለት እየወረዱ ወደ ማን ቤት እንደሚሄዱ ያውቃል። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤት በረንዳቸው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጋዜጣው ከተዘረጋ ቆይቷል፤ ገጹ ግን አልተገለበጠም። እምሩ መፍቻውን አስቀመጠና በአገጩ ወደ አጥሩ እያመለከተ ድምፁን ትንሽ ከፍ አደረገ።

«ለእሳቸው ሊሰጡ ነው? ደግ አደረጉ። ከእሳቸው የተሻለ ማን አለ? የገብረዮሐንስን ሴይቼንቶ ያስታውሱ የለ? ያቺን ትንሽ ፊያት… የቤንዚን ሞተሯን በገዛ እጁ አውጥቶ፣ ከዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የተፈታ የመብራት ሞተር ገጥሞ፣ አሥር ባትሪ ደርድሮ በመብራት ያስኬዳትን። ዛሬ አገሩ ሁሉ የመብራት መኪና ሲነዳ አዲስ ነገር ይመስለዋል፤ እሱ ያኔ የፒያሳን ዳገት ኮሽ ሳትል ያወጣት ነበር። ኋላ ግማሽ ጎኑን ሲያመው ልጁ እንቁ ወደ ቤቷ ወሰደችው። የመኪናዋን ቁልፍ ለማን አደራ ሰጠ? ለእሳቸው። ‹በየሳምንቱ ቻርጅ ያድርጉልኝ፣ በየወሩ ለባትሪው የተጣራ ውሃ ይጨምሩልኝ› ብሎ።

«እሳቸውም ጠበቁ። ስድስት ዓመት ማንም እንዳይነካት ጠበቁ… ራሳቸውም ጭምር አልነኳትም። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የት ይገኛል? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። እሳቸው ጸሎተኛ ናቸውና ሰማዩ ቅርብ ነው፤ የራቀቻቸው ግቢያቸው ውስጥ የቆመችው መኪና ናት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል… መኪና ግን ቀስ በቀስ እግሩን ያጣል። አራቱም ጎማ መሬት ተኝቶ አገኘነው። ደግነታቸውንም አይርሱ። ድመት መቀመጫው ላይ ወልዳ ስታሳድግ አላባረሯትም፤ አይጥ ሽቦውን ስትበላም ዝም አሉ። ድመትና አይጥን በአንድ መኪና ያስማማ ሰው ከእሳቸው ሌላ ሰምተዋል?

«ገብረዮሐንስ ከአልጋው ሆኖ ‹አደራዬን› እያለ በስልክ ስድስት ዓመት ተጣራ። እሳቸው መቼ ጨከኑ… ለተጣራ፣ የተጣራ ውሃ ሰጡት። ለገና ሊያያት እንደሚመጣ የሰሙ ዕለት አደራው ትዝ አላቸው። መቼም ከጠበል የበለጠ የተጣራ ውሃ የለም ብለው፣ አንድ ጀሪካን ጠበል ለአሥሩ ባትሪ አካፈሉ። ይሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ በጠበል የዳንኩ ሰው ነኝ፤ በጠበል አልቀልድም። ብቻ የባትሪ ውሃ ማለት ምንም የሌለበት ውሃ ነው፤ ጠበል ደግሞ በረከትም ማዕድንም አለበት። ፈውስነቱም ለታመመ ነው። ባትሪዎቹ መቼ ታመሙ? የተራቡ ነበሩ እንጂ። የታመመው ሌላ ነበር… እሳቸው ራሳቸው ቢጠጡት ኖሮ ይጠቅማቸው ነበር እላለሁ እኔ፣ ያልተማርኩት።

«ገብረዮሐንስ መጥቶ ቁልፉን ቢያዞር ትንፍሽ አላለችም። በደህናው እጁ ጣሪያዋን ዳበስ አድርጎ ‹እኔን ቀደመችኝ› አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። እኔና ቆርቆሮ ሠሪው ሙደሲር አራት ወር ብቻ ሠራን። እሱ የበሰበሰውን ወለል ቆርጦ ቀጠለ፤ እኔ የተበላውን ሽቦ ቀየርኩ፣ ሞተሩን ፈትቼ ካርቦኑን አጸዳሁ፣ የነከሰውን ፍሬን አስለቀቅሁ። ባትሪዎቹን… ቀበርናቸው ይበሉት፤ ሌላ ገጠምን። እሳቸውም አልተለዩንም። በየቀኑ አጥሩን ተደግፈው ‹አይዟችሁ› ይሉን ነበር። የዛገ ብሎን በአይዟችሁ ሲፈታ አይተው አያውቁም?

«ሚያዝያ ጊዮርጊስ ዕለት ተነሳች። መሪውን ማን ያዘ? እሳቸው። ገብረዮሐንስ ከጎናቸው። እኔና ሙደሲር በእግራችን ተከተልን፤ መራመድ ለጤና ጥሩ ነው ይላሉ። ከዳገቱ አናት ሲደርሱ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ለተሰበሰበው ሰው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‹ያስነሳት ያ ጠበል ነው።› ገብረዮሐንስ እያለቀሰ እጃቸውን ሳመ። እኔ ምን ልበል? በንግሥ ቀን በሽተኛ አያሳዝኑም… ከሰዉ ጋር አጨበጨብኩ።

«ስለዚህ ቁልፍዎን ይስጡ። አበቦችዎንም ያጠጡልዎታል፤ ውሃ ላይ እጃቸው ያውቃል። እርስዎ ብቻ ከመቀሌ ሆነው ጮክ ብለው ይጣሩ።»

ከአጥሩ ወዲያ ጋዜጣው ሲጨማደድ ተሰማ። እትዬ ትብለጽ ቁልፉን አንዴ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

እምሩ ቆቡን አወለቀ፤ ወደ ጊዮርጊስ ዞሮ አማተበ።

«በሰላም ይግቡ፣ እትዬ። ሕፃኑን ያሳድግልዎ። ለእኚህ ለጎረቤታችንም ዕድሜ ይስጥልን… እሳቸው አደራቸውን እንደጠበቁ፣ እግዚአብሔርም እሳቸውን ልክ እንደዚያው አድርጎ ይጠብቃቸው።»