የዘሃራ ሞላ

በእኛ ጊዜ ሰው የሚፈናጠጠው በቅሎ ላይ ነበር፣ ስማ ቢላል፣ በቅሎ ደግሞ ሲከብዳት አትደብቅህም፣ ጆሮዋን ጥላ ቀጥ ትላለች፣ አንዳችሁ ውረዱ ማለቷ ነው። ሞተር ግን አይናገርም። አንተ እጮኛህን ላፈናጥጥ ብለህ የሞተርህን የኋላ አሞርዛተር፣ ሞላውን፣ ልትቀይር ነው አሉኝ። ቀይር፣ ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ ይቺን ስማኝ።

እኔን ታውቀኛለህ። ከወሎ ስመጣ የያዝኩት አንድ ጆንያ ነው፣ እሱም ባዶውን፣ እና በሱ ቆርቆሮ ለቀምኩበት፣ ውራጅ ብረት ለቀምኩበት፣ ይኸው በሰቃ ሰፈር የብረት መጋዘን ከፈትኩበት። ሚዛን አለኝ፣ ግን ሚዛኑ ለደንበኛው ልብ ነው፣ ለእኔ ዓይኔ ይበቃኛል። ጆንያውን በእግሬ ነካ አድርጌ «ሠላሳ አራት» ካልኩ ሠላሳ አራት ነው። አትሳቅ፣ ሂድና ሰፈሩን ጠይቅ።

ታዲያ ዘሃራ፣ የልጆቼ እናት፣ ወገቧን ታመመችና ሐኪም ቤት መመላለስ መጣ። ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም አትችልም፣ ባጃጅ ደግሞ እስከዚያ አይሄድም፣ እና ከቤታችን ከገላን ኮንዶሚኒየም በሞተሬ አፈናጥጣት ጀመርኩ። ሞተሩ ሁለት ሰው ሲወጣበት ኋላው ቁጭ ይላል፣ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ብረት ከብረት ይጋጭና ጓ ይላል። እሷ አትጮህም። ጃኬቴን ጨምድዳ ትይዛለች። «አመመሽ?» እላታለሁ። «ንዳ» ትለኛለች። እሺ፣ እነዳለሁ።

ታዲያ መጋዘኔ አጠገብ መካኒክ አለ፣ ታምራት፣ ታውቀዋለህ፣ እሱ ጋ ወሰድኩት። ጎንበስ ብሎ አየና «ጋሼ፣ ይሄ ሞላ ለአንድ ሰው ነው የተሠራው፣ ለሁለት ሰው ወፈር ያለ ሞላ ይፈልጋል። እትዬ ዘሃራ ስንት ኪሎ ናቸው?» አለኝ።

«ሰባ ሁለት።»

«ተመዝነው ነው?»

«በእኔ ዓይን ተመዝና ነው።»

«እሱስ ልክ ነው፣ ግን ይዘዋቸው ቢመጡና ቢቀመጡበት ይሻላል። ሲቀመጡ ምን ያህል እንደሚወርድ አይቼ ነው የምመርጠው። ሞላው ከሰውየው ክብደት በላይ ከጠነከረ አይሸከምም እኮ ጋሼ፣ ያነጥራል።»

«የሰው ሚስት እንደ በግ ልትመዝን ነው? ሰባ ሁለት አልኩህ፣ ሰባ ሁለት ነው።»

እሱም ወፍራሙን ገጠመልኝ። እኔም ደስ አለኝ፣ አሁን እንደ ፍራሽ ሊሆንላት ነው አልኩ። ታዲያ በማግስቱ ይዣት ወጣሁ፣ የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ከመቀመጫው ብድግ አለችና ተመልሳ ጓ አለች። ሁለተኛው ላይም እንደዚያው። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያማረረችው፣ «ሰይዶ፣ አሮጌው ይሻለን ነበር» አለችኝ።

እኔ ግን ነደደኝ፣ ታምራት ጋ ሄጄ «አሞርዛተር ነው የሸጥክልኝ ወይስ ድንጋይ?» አልኩት። እሱ አልተቆጣም፣ «እሳቸውን ያምጧቸው» አለኝ፣ እና ከሐኪም ቤት ስንመለስ በዚያው ይዣት ሄድኩ። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ተቀመጥን። ከዚያ እኔን አስወረደኝና እሷን ብቻ አስቀምጦ ጎማው ሥር ተንበረከከ።

«እትዬ፣ ሰውነትዎን ልቀቁት።»

«ለቀቅኩት እኮ ልጄ።»

ሞላው ንቅንቅ አላለም። ታምራት መቀመጫውን በአንድ እጁ ጫን አደረገው፣ ወረደ። ገባህ ቢላል? የሱ አንድ እጅ ከእሷ ከሙሉዋ ይከብዳል። ቀና አለና እሷን ሳይሆን እኔን አየኝ፣ «ጋሼ፣ ሰባ ሁለት አይደሉም» አለኝ፣ ቀስ ብሎ ነው የነገረኝ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው።

እኔ ልከራከረው አፌን ስከፍት እሷ ራሷ ወረደች። «በቃ ሰይዶ፣ ሂድና ሚዛንህ ላይ አቁመኝ» አለችኝ፣ እና ቀድማኝ መጋዘኑ ገባች። ቆመች። አርባ ስድስት። «ሚዛኑ ተበላሽቷል» አልኩ፣ እኔ ወጣሁበት፣ ሚዛኑ ልክ ነው። ከዚያ ትከሻዋን ያዝኩ፣ ከጅልባቡ ሥር ሹራብ አለ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ አለ፣ ከዚያ ሥር አጥንት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ በዓይኔ ስመዝነው የኖርኩት ሱፍ ነበር።

ምን አልክ? አንድ ቤት እየኖራችሁ እንዴት አላወቅክም? ጠይቅ፣ ሁሉም ይጠይቃል። ወገቤ ሲያቃስተኝ እረብሽሃለሁ ብላ ልጆቹ ክፍል ነበር የምትተኛው። ምግብ ላይም ቀድሜ በልቻለሁ ትላለች። ማን ቁርስ እንደበላ ይቆጥራል? እኔ እቆጥር ነበር፣ ግን የሠራተኞቼን ነው።

«ለምን ደበቅሽኝ?» አልኳት።

«ብነግርህ ትቆጥራለህ» አለችኝ። «ዛሬ ስንት ሆንሽ፣ ከትናንት ስንት ቀነስሽ ትለኛለህ። ብረት ስትቆጥር ኖረሃል፣ ቁጠር፣ እኔ ግን መቆጠር አልፈልግም።»

«አልቆጥርም፣ ወላሂ» አልኳት።

ታዲያ ታምራት ሌላ አሞርዛተር አመጣ። ይሄኛው ሥሩ ላይ ጥርስ ጥርስ አለው፣ በቁልፍ ስታዞረው ይጠብቃል፣ ይላላል፣ እንደተፈናጣጩ ክብደት ነው። በእሷ ልክ አደረገውና ያን ሳምንት ጥሩ ሄድን፣ ጃኬቴንም አልጨመደደችም፣ እንዲያውም መንገድ ላይ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራችኝ። ከዚያ እንደገና ያነጥራት ጀመር። ታምራት ጋ ቆምኩ፣ እሱም ቁልፉን አንስቶ አንድ ጥርስ አላላው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ ጥርስ። እሷ ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠች ወዲያ ታያለች፣ እኔም ወዲያ አያለሁ፣ ቁልፉ ቀጭ ይላል። አልቆጥርም ብዬ ምያለሁ፣ ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ ቁልፉ ቆጠረልኝ።

አንድ ቀን ታምራት ጎንበስ ብሎ ቆየ፣ ቆየና ቁልፉን ጨርቁ ላይ አስቀመጠው። «ጋሼ፣ ከዚህ በታች ጥርስ የለውም» አለኝ።

ሐኪሙም በዚያው ሰሞን በሽታው አጥንቷ ውስጥ መሆኑን ነገረኝ። «ከእንግዲህ አታመላልሷት፣ ቤቷ ትረፍ» አለኝ። መኪና ልለምን ብል እምቢ አለች፣ «በሞተርህ መጥቻለሁ፣ በሞተርህ እመለሳለሁ» አለች። ከወገቧ በታች ደንዝዛ ነበር፣ እግሯ መርገጫው ላይ አይቆምላትም፣ እና በነጠላዋ ከወገቤ ጋር አሰርኳት፣ ልጅ እንደማዘል ነው። ክብደት አልነበራትም። ትንፋሿ ጀርባዬ ላይ ባይሞቀኝ ጥያት የመጣሁ ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ ወደ ገላን መታጠፊያው ጋ ትልቁን ጉድጓድ ታውቀዋለህ፣ ሲኖትራክ መጣብኝና ልሸሸው ስል ገባሁበት። ሞላው እስከ መጨረሻው ላልቶ የለ፣ ኋላው ወርዶ ብረት ከብረት ተጋጨ፣ የኔ ጥርስ ተንገጫገጨ፣ ወገቤ ድረስ ተሰማኝ። አለቀች አልኩ። ሞተሩን አቁሜ ወደ ኋላ ለመዞር ስሞክር፣ ታስሬያለሁ፣ መዞር አልቻልኩም።

«ዘሃራ?» አልኩ።

«አቤት» አለችኝ፣ ደስ ባለው ድምፅ። «ዛሬስ ታምራት አበጀው። ምንም አልተሰማኝም።»

ምን አልኳት ትላለህ? ምን እላታለሁ ቢላል። «ጎበዝ ልጅ ነው» አልኳት። እና ቀስ ብዬ ነዳሁ፣ ጉድጓዱን ሁሉ አንድ በአንድ እየዞርኩ፣ ለማን ብዬ እንደምዞር እንጃ።