በሽማግሌ የተመረጠው የአውሮፕላን ሬዲዮ

እኛ በደህናው ዘመናችን፣ ያኔ ጭሮ አሰበ ተፈሪ እየተባለች፣ ባልና ሚስት ቢጣሉ በምን ይጣላሉ? በመጠጥ፣ በዘመድ፣ በሰው ወሬ ነዋ። መምህር ዘውዴና አስናቀች ግን በምን ተጣሉ መሰላችሁ? በሬዲዮ! ዜና በሚያወራው እንዳይመስላችሁ፤ አውሮፕላን በሚያዘው ሬዲዮ ነው እንጂ!

መምህር ዘውዴ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ የሳይንስ አስተማሪ ነው። ከነሱ ቤት የሚለየን አጥር ብቻ ነው፣ አጥሩ ደግሞ ቁልቋል ነው፣ ቁልቋል ደግሞ ክፍተት አያጣም፣ እኔም ዓይን አለኝ፣ ታዲያ ምን ላድርግ? ይኼ ሰውዬ ከእኔው አጥር የደረቀ ቁልቋል ቆርጦ፣ ስስ ወረቀት አልብሶ አውሮፕላን ሠራ። ክንፉ ከአልጋ ይረዝማል። ሞተር የሚባል የለውም። ዘውዴ በገመድ እየጎተተው ይሮጣል፣ ሽቅብ ሲወጣለት ገመዱ ይላቀቃል፣ እሱም በነፋስ ይንሳፈፋል። ችግሩ፣ ከተለቀቀ በኋላ የሚሄደው በራሱ ፈቃድ ነው። አንዴ የእኔ ማሽላ ክምር ላይ፣ አንዴ ቆማ የምታመነዥክ ላም ጀርባ ላይ!

ታዲያ አንድ ቀን ከድሬዳዋ ወፍራም መጽሔት ይዞ መጣ። እዚያ ያለ አንድ ነጋዴ ከውጭ አገር ዕቃ ያስመጣል፣ እና መጽሔቱ ላይ ሁለት ዓይነት ሬዲዮ አለ። አንደኛው ትንሽ ነው፤ በእጅ የሚያዘው ሳጥን አንድ ቁልፍ ብቻ አለው፣ አንዴ ሲጫኑት አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ፣ ሁለቴ ሲጫኑት ወደ ግራ፣ አለቀ። ሁለተኛው ትልቅ ነው፤ ቁልፉ ብዙ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ላይ፣ ታች፣ ሁሉንም ያዛል። ነጋዴው ደግሞ «ትንሹን በብስክሌትህ ለውጠኝ፤ ትልቁን ከፈለግህ ግን የሚስትህን የስፌት መኪና አምጣ» ብሎታል።

አስናቀች መኪናዋን እናቷ ነች የሰጠቻት። የተማሪውን ዩኒፎርም የምትሰፋው በሷ ነው፤ ከሷ ሌላ የኔ የምትለው ነገር የላትም። እሱ ትልቁን ካላመጣሁ ሲል፣ ሄዳ መኪናዋ ላይ ቁጭ አለችባት!

«አንተ ዘውዴ! መኪናዬን ከጫንክ እኔንም አብረህ ጫነኝ!»

«አስኒ፣ ተረጂኝ እንጂ፤ በአንድ ቁልፍ እኮ ወደ ታች አይታዘዝም!»

«አይታዘዛ! እኔስ መቼ ታዘዝኩህ?»

ኧረ በሳቅ ልሞት ነው እኔ፣ ከአጥሩ ጀርባ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ!

ነገሩ ሲከር ሽማግሌ ተቀመጠ። ሐጂ ዩሱፍ ጫት ነጋዴው፣ ከሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ጡረታ የወጡት አቶ ተሰማ፣ እና እኔ፤ እኔን የጠራኝ የለም፣ ጎረቤት ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ዘውዴ መጽሔቱን ዘርግቶ አስረዳ፣ አስረዳ፣ ላቡ እስኪንጠባጠብ አስረዳ።

አቶ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ትንሹ ምን ጎደለው?» አሉ።

«ቀኝና ግራ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ አባባ።»

«ልጄ፣ ባቡር ቀኝም ግራም ሳያውቅ ጅቡቲ ይገባል!»

ሐጂም ቀበል አድርገው «ዋላሂ፣ ግመልም በአንድ ገመድ ነው የምትመራው!» አሉ።

ዘውዴ ተናደደ። «ሐጂ፣ ግመል ገደል ስታይ ትቆማለች፤ አውሮፕላን ይቆማል?»

እውነቱን ነዋ! ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ወደሱ ማዘንበላቸው ገባኝ፣ የአስናቀች ፊት አመድ መሰለ።

ሐጂ ብዙ አሰቡና «እኛ ጫት ሩቅ አገር ስንልክ መጀመሪያ የምናየው ክብደቱን ነው» አሉ። «መጽሔትህ ክብደቱን ይናገራል?»

«ይናገራል።»

«እንግዲያው ትንሹን የሚያህል ማሽላ በአንድ ከረጢት፣ ትልቁን የሚያህል በሌላ እመዝናለሁ። አውሮፕላንህ ሆድ ውስጥ እየከተትክ አብርር። ትልቁን ከቻለ መኪናዋ ትሄዳለች፣ ካልቻለ ብስክሌቱ። አበቃ!»

ሁለቱም በሽማግሌ ፊት እሺ አሉ። ከረጢቶቹን አስናቀች ሰፋች፣ ሐጂ መዘኑ፣ ወደ ሜዳው ስንሄድ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እና መንገድ ላይ አስናቀች «እትዬ ብርቄ፣ እስቲ አንዴ ዞር ይበሉልኝ» አለችኝ። ዞርኩ። እኔ ብዞር ግን ዓይኔ አልዞረም! ከመቀነቷ ሥር የሐጂን የግማሽ ኪሎ የሚዛን ብረት አውጥታ ትልቁ ከረጢት ውስጥ ቀበረችው።

«አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«እትዬ፣ መኪናዬ ከሄደች እኔ ምን ቀረኝ?»

ምን ልበላት? «እኔ ምን አይቼ!» አልኳት።

አውሮፕላኑ ትንሹን ከረጢት ይዞ እንደ ላባ ተንሳፈፈ፣ ቀስ ብሎ ሣር ላይ አረፈ። ትልቁን ሲከቱበት ዘውዴ ሮጠ፣ ሮጠ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ አውሮፕላኑ ጣሪያ ያህል ብድግ አለና እንደ ጆንያ ዱብ! ክንፉ እንክት! አስናቀች «ወይኔ ልፋትህ!» እያለች ከሁሉም ቀድማ ደርሳ ከረጢቱን ጉያዋ ከተተችው። ዘውዴ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «አያችሁ፣ አዘነችልኝ» አለ! ሐጂ ሳምንቱን ሙሉ «ብረቴን የወሰደ ይመልስ!» እያሉ በድንጋይ ሲመዝኑ ሰነበቱ።

ብስክሌቱ ሄደ፣ ትንሹ ሬዲዮ መጣ፣ ክንፉም ተጠገነ። በቀትር፣ ያ ከቆላ የሚወጣው ትኩስ ነፋስ ሲነሳ፣ አፋፉ ላይ ወጣን። አውሮፕላኑ ተለቀቀ። ዘውዴ አንዴ ተጫነ፣ ወደ ቀኝ ዞረ። ሁለቴ ተጫነ፣ ወደ ግራ! እልል አልን። ከዚያ አሞሮች የሚዞሩበት ቦታ ደረሰና አብሯቸው ይዞር ጀመር፣ እና እየዞረ ይወጣል፣ እየዞረ ይወጣል። ዘውዴ ቁልፉን ቢጫን፣ ቢጫን፣ ቀኝ ቢለው እየወጣ፣ ግራ ቢለው እየወጣ!

«አማርኛ አልሰማ ካለ ልቀቁልኝ!» አሉ ሐጂና እጃቸውን አፋቸው ላይ ደግነው በኦሮምኛ ይጠሩት ጀመር፤ «ኮቱ! ኮቱ!» ና፣ ና ማለታቸው ነው። ወይ ፍንክች! አሞራ አከለ፣ ዝንብ አከለ፣ ወደ ሂርና በኩል ጠፋ።

በማግስቱ ዘውዴ በአውቶቡስ ሂርና ሄዶ «አውሮፕላን የወደቀበት ሰው አለ?» ቢል፣ «ስንት ሰው ጭኖ ነበር?» ብለው አለቀሱለት።

ሲመለስ ደጄ ላይ ቁጭ አለና «እትዬ ብርቄ፣ ትልቁ ቢሆን ኖሮ አፍንጫውን ወደ ታች አዝዤ አወርደው ነበር። ግን ምን ይደረግ፣ ክብደቱን እንደማይችል በዓይናችን አየነው» አለኝ። እኔ በአጥሩ ክፍተት አስናቀችን አየሁ፣ አስናቀች እኔን አየች፣ ወዲያው ቤቷ ገብታ መኪናዋን ማንቀጫቀጭ ጀመረች። ክረምቱን ሙሉ ዩኒፎርም ስትሰፋ ከርማ ሌላ ብስክሌት ገዛችለት፤ ሰውዬውም ሚስቱን እንደ ታቦት አከበራት።

ምን አልሽ ልጄ? «ታዲያ እውነቱን አልነገሩትም?»

ምን ብዬ! እሱ ሰማይ ሰማይ ሲያይ፣ እኛ መሬቱን ይዘንለት ኖርን። ይልቅ ደህና ሽማግሌ የምትባለው ሁሉን የምታይ ናት፣ ያየችውን ሁሉ የምትናገር አይደለችም! ካ ካ ካ! ለእናንተማ አሁን ነገርኳችሁ፤ እሱን ያገኘ ግን እንዳይነግርብኝ!