እጅጌው ያልተገጠመ ኮት

በዚህ የመለያያ ሰዓት አብራችሁን የቆማችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ይህን ዜና ሕይወት የማነብላችሁ የሟች እናት ታናሽ ወንድም ነኝ። በልጅነታቸው አንተ እያልሁ ጆሯቸውን ቆንጥጬ ያሳደግኋቸውን ሰው ዛሬ በወጉ አንቱ ስል ቢሰሙኝ ኖሮ ሳቃቸው አያባራም ነበር።

የእህቴ ልጅ ከአናጺ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ሁለተኛ ደረጃ በመልካም ውጤት ቢዘልቁም፣ አባታቸው ከጣሪያ ወድቀው አልጋ ላይ በመዋላቸው ደብተራቸውን አስቀምጠው ቤተሰቡን ለመርዳት የልብስ ስፌት ቤት ተቀጠሩ።

በዚያ ስፌት ቤት፣ መስኮቱ ሥር በተዘረጋው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ኮት እየሰፉ ዕድሜያቸውን አሳለፉ። የሚጣደፍ ባልደረባ ባዩ ቁጥር “ቀስ በል፣ ጨርቁ አያመልጥህም” ስለሚሉ ጋሽ ቀስበል የሚል ስም ወጣላቸው። ከጎናቸው ያለ ሰው ልጁ ታሞበት ወይም ሐሳብ ገብቶት ሥራው ወደ ኋላ ሲቀር፣ እሳቸው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ያልተጨረሰውን ልብስ ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ይሰፉና አጣጥፈው ከሰውየው ወንበር ፊት ያኖሩት ነበር። ይህ ደግነታቸው ውሎ አድሮ የቤቱ ልማድ ሆነ፤ የሠራው አይናገርም፣ የተሠራለትም አያመሰግንም።

ጃኬት ለማስጠበብ ከመጡ አንዲት መምህርት ጋር ትዳር መሥርተው ሴትና ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ለልክ እየደጋገሙ የጠሯቸው ጃኬቱ እንቢ ብሎ እንዳልነበር ባለቤታቸው እስከ ዛሬ በፈገግታ ያወሳሉ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን እንቅልፍ ራቃቸው፣ ምግብ አስጠላቸው፣ የሚወዱት ሥራ ሸክም ሆነባቸው። ሐኪም የድባቴ ሕመም መሆኑን ነግሯቸው መድኃኒት ጀምረው፣ ለወራትም ደኅና ሆነው ቀልዳቸው ተመልሶ ነበር። ሆኖም ከአእምሮ ሐኪም ደጅ መታየታቸው በሰፈር መወራቱን፣ አንዳንዱም ዘመድ ስማችን ሊጠፋ ነው ማለቱን በሰሙ ጊዜ ክትትሉን አቋረጡ። በዚያው ሰሞን ተሰፍቶ የሚመጣ ልብስ ገበያውን አጥለቅልቆ ሥራው ቀዘቀዘ፣ ሠራተኛ ሊቀነስ ነው የሚል ወሬ ተነሣ፣ እናታቸውም ዐረፉ። አንድ ምክንያት ነጥላችሁ ጣት ለመቀሰር አትቸኩሉ፤ ሕመሙ ከውስጥ፣ ኑሮው ከውጭ፣ ሐሜቱ ከደጃፍ ሆነው በአንድ ሰው ላይ ተረባርበዋል።

እጃቸው እየዘገየ ሲሄድ ባልደረቦቻቸው ከእሳቸው የተማሩትን አደረጉላቸው። ጠዋት ሲገቡ የትናንቱ ኮት ተጨርሶ፣ ተተኩሶና ተጣጥፎ ይጠብቃቸው ጀመር፤ ማንም ምን ሆነሃል አላላቸውም፣ እንዲህ ያለውን መጠየቅ በዚያ ቤት ነውር ነበርና። አንድ ቀን ቤት ገብተው ለባለቤታቸው “እኔ ባልኖርም ኮቱ ያልቃል” አሏቸው። ባለቤታቸው ባልደረቦቻቸውን ማመስገናቸው መስሏቸው እሰየው አሉ። ሕመሙ ግን ያንን ሁሉ ፍቅር ገልብጦ፣ አታስፈልግም እንደማለት አድርጎ ነግሯቸው ኖሯል።

ባለፈው ሳምንት፣ በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው፣ ራሳቸውን በማጥፋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በድንገተኛ ሕመም ብለን እንድናልፈው የመከሩን ዘመዶች ነበሩ፤ ባለቤታቸው ግን “ሲታመም ደበቅነው፤ ሞቱን ደግሞ አልደብቅም” ስላሉ እንደ ቃላቸው አነበብሁ። የእህቴ ልጅ ጨዋ፣ ሥራ ወዳድና የታመሙ ሰው ነበሩ፤ ሕመማቸውም መድኃኒት ያለው ሕመም ነበር።

የስፌት ቤቱ ሰዎች፣ ጥፋት የለባችሁም፤ በምታውቁት መንገድ ወደዳችኋቸው። ከእንግዲህ ግን የአንዳችሁ እጅ ሲዘገይ ልብሱን ከመሳባችሁ በፊት ወንበራችሁን ሳቡና አጠገቡ ተቀምጣችሁ ጠይቁት፤ ክፉ ሐሳብ ይመጣብኛል ካለም ብቻውን ሳትተዉት ሐኪም ዘንድ አብራችሁት ሂዱ። ዛሬ ከመካከላችን ልቡ የከበደው ቢኖር እኔም ሽማግሌው እቤቴ አለሁ፤ ነውር ሳይል ደጄን ይምታ።

ሟች ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውንና ወንድ ልጃቸውን፣ እስከ ዛሬ አልጋ ላይ ያሉትን አባታቸውን፣ እኔን አጎታቸውንና በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚውሉ ባልደረቦቻቸውን ትተው ሄደዋል። በመጨረሻ የጀመሩት ኮት አንድ እጅጌው ሳይገጠም መስኮቱ ሥር ተንጠልጥሏል። ባልደረቦቻቸው እንደ ልማዳቸው ሊጨርሱት ሲነሡ ባለቤታቸው ከለከሏቸው፤ እንዲሁ ይቀመጥ አሉ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ እሳቸው ሳይኖሩ ኮቱ እንዳላለቀም ይንገርልን።