ቀርከሃ ይትከሉ ያለው ግንበኛ

ከኮልፌ 18 ማዞሪያ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አንዲት እናትና አንድ ጎልማሳ ከፊቴ ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም።

«ግንበኛ ፍለጋ ነው የወጣሁት» አሉ እናት። «ወንዙ ጓሮዬን በልቶ ጨረሰው። ባለፈው ክረምት ማድቤቴ ደጃፍ ደርሷል።»

«እማማ፣ እኔም ግንበኛ ነኝ።»

«እሰይ! በል ና ሥራልኝ!»

«ግንብ እንኳ አልሠራልዎትም። የራሴን ጓሮ ሁለት ጊዜ ገንብቼ፣ ሁለቴም ጎርፍ ወሰደብኝ።»

«ታዲያ ቤትህ እንዴት ተረፈ?»

«ባለቤቴ ናት ያዳነችው። የወንዙን ዳር ቀርከሃና ዝሆኔ ሣር ተከለችበት። እኔማ ስቄባት ነበር። ክረምቱ ሲመጣ ሥሩ አፈሩን ጨምድዶ ያዘው።»

«ሣር?»

«አዎ፣ ሣር! አሁንማ ወፉም እንቁራሪቱም ተመልሷል። ጠዋት የሚቀሰቅሰን የወፍ ጫጫታ ነው።»

«እኔስ ጋ ይበቅላል?»

«ለምን አይበቅልም? የበልጉ ዝናብ ሳያልፍ እንትከለው። ቅዳሜ ከነሥሩ ነቅዬ አመጣልዎታለሁ።»

«ተባረክ ልጄ። ግን ባለቤትህንም ይዘሃት ና።»

«እሷን ደግሞ ለምን?»

«ግንበኛዋ እሷ ናታ!»

ታክሲው አንድ የወንዝ ድልድይ ላይ ሲደርስ ወደ መስኮቱ ተጠግቼ፣ ዳሩ ላይ ሣር ይኖር እንደሆነ ቁልቁል ወንዙን አየሁት።